ከቦሩ ሜዳ ጦስኝ ይዛችሁ ስትመለሱ ኪኒናችሁን እንዳትጥሉ

  

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ተመሳሳይ ሆነውብኛል። «ዶክተር፣ ጦስኝ ደም ግፊት ያወርዳል የሚባለው እውነት ነው?» «እናቴ ኪኒኗን ትታ ጦስኝ ጀምራለች፣ ምን ላድርጋት?» «ልጄ ጠዋት ጠዋት ሻይ በዳቦ ነው የሚበላው፣ ይጎዳዋል እንዴ?» ጊዜው ነው መሰለኝ። ዝናቡ ጠብ ሲል ሰው ጓሮውን ይቆፍራል፣ ቅዳሜና እሁድ ከከተማ ወጣ ይላል፣ ሲመለስ ደግሞ ጦስኙንም ናናውንም ጤና አዳሙንም በፌስታል ሞልቶ ይገባል። ስለዚህ ዛሬ ረዘም አድርጌ ጽፌያለሁ። ሻያችሁን ይዛችሁ ብታነቡ ደስ ይለኛል፤ ገና አሁን ምግብ የበላችሁ ከሆነ ግን ሻዩን አንድ ሰዓት ያህል አቆዩት። ለምን እንደሆነ ወደ ታች ታገኙታላችሁ።

በመጀመሪያ ስለ ወቅቱ ትንሽ። ፀደይ ሲባል ብዙዎቻችን አደይ አበባና መስከረም ነው ትዝ የሚለን። በጥንቱ የአገራችን የወቅቶች አቆጣጠር ግን የመስከረሙ አበባ ጊዜ መፀው ይባላል፤ ፀደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ነው፣ ማለትም የበልጉ ጊዜ። ለወሎ ደጋ ገበሬ በልግ ቀልድ አይደለም። በብዙ የአገራችን ክፍል ዋናው እርሻ የመኸሩ ሲሆን፣ በደሴ ዙሪያ ደጋ ግን በበልጉ ዝናብ ገብስ የሚዘራባቸው ቦታዎች አሉ፤ በልጉ ከቀረ የዚያ ቤት ጓዳ ይጎድላል። እኛ ከተሜዎቹ ግን ዝናቡ የሚያስፈልገን ለጎመንና ለጦስኝ ስለሆነ ዕድለኞች ነን።

የሻይ እርሻ ስለጠየቃችሁኝ

«ከደሴ ሄደን በአንድ ቀን የምንመለስበት የሻይ እርሻ አለ?» ያላችሁኝ አላችሁ። አጭሩ መልስ፦ አይሆንም። በአገራችን የታወቁት የሻይ ቅጠል እርሻዎች ያሉት በደቡብ ምዕራብ ነው፤ ውሽውሽ ከፋ ውስጥ ቦንጋ አጠገብ፣ ጉማሮ ደግሞ ኢሉባቦር ውስጥ ጎሬ አካባቢ። ከደሴ አዲስ አበባ ብቻ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ ወደ ቦንጋ እንደገና ከ400 በላይ። የሻይ ተክል አሲድነት ያለው አፈርና ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል የማይቋረጥ ዝናብ ይፈልጋል፣ ውርጭም አይችልም። የእኛ ደጋ ብርድ አይስማማውም።

በነገራችን ላይ ጥቁር ሻይና አረንጓዴ ሻይ ከአንድ ተክል የሚመጡ ናቸው። ልዩነቱ ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ የሚዘጋጅበት መንገድ ነው። «አረንጓዴው ሌላ ዛፍ ነው» ብሎ እጥፍ ዋጋ የሚያስከፍላችሁ ካለ በዚህ መልሱለት።

የእኛ ደጋ «ሻይ» ሌላ ነው፦ ጦስኝ። የወሎ፣ የሰሜን ሸዋና የባሌ ከፍተኛ ቦታዎች ላይ መሬት ለመሬት የሚሄድ፣ ትንንሽ ቅጠል ያለው፣ ስትረግጡት እንኳ የሚሸት ተክል። ካፌይን የለውም፤ ስለዚህ ማታ ቢጠጡት እንቅልፍ አይነሳም። ለአንድ ቀን ሽርሽር ታዲያ ቦንጋ ድረስ መሄድ ምን አስፈለገ? ቦሩ ሜዳ አለላችሁ።

ቦሩ ሜዳ ለመውጣት

ቦሩ ሜዳ ከደሴ በስተ ሰሜን 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለ ሰፊ ሜዳ ነው። ታሪክ የሚወድ ሰው ስሙን የሚያውቀው አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. ትልቁን የሃይማኖት ጉባኤ ባደረጉበት ቦታነቱ ነው። እኛ ሐኪሞች ደግሞ በሆስፒታሉ እናውቀዋለን፤ በሥጋ ደዌ፣ በቆዳና በዓይን ሕክምና ስሙ የተተከለ፣ ሰው ከሩቅ የሚመጣበት ሆስፒታል ነው።

ከኮምቦልቻ የምትነሱ ከ1,850 ሜትር ገደማ ተነስታችሁ ወደ 2,500 ሜትር አካባቢ ነው የምትወጡት። ጤነኛ ለሆነ ሰው ችግር የለውም፤ የልብ ድካም ወይም የከፋ የሳንባ ችግር ያለበት ሰው ግን ሜዳው ላይ ኳስ ልጫወት ባይል ይሻላል። ብርዱ ፀሐዩን ይሸፍንባችኋል እንጂ ከፍታ ሲጨምር ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረርም ይጨምራል፤ ባርኔጣ ያዙ። የበልግ ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ይዞ ይመጣልና በጊዜ ተመለሱ። ካገኛችሁ ደግሞ ሜዳ መሃል ለብቻው የቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ፤ መኪና ወይም ቤት ውስጥ ግቡ።

አንድ ሌላ ነገር፣ ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ይህ አካባቢ ጦርነት አልፎበታል። ስትቆፍሩም ሆነ ልጆች ሲሯሯጡ ምንነቱ ያልታወቀ ብረት ካያችሁ አትንኩ፣ አታንሱ፣ በድንጋይም አትምቱት። ቦታውን ምልክት አድርጋችሁ ራቁና ለአካባቢው ፖሊስ ወይም ለቀበሌ አሳውቁ። ልጆቻችሁን ከመውጣታችሁ በፊት መኪና ውስጥ ንገሯቸው።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ድካም ለጤና ምን ያደርጋል? የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። መቆፈር፣ ማረም፣ ውሃ ተሸክሞ ማጠጣት ከዚህ ይቆጠራል። ጂም መክፈል አይጠበቅባችሁም። ወገባችሁን የሚያማችሁ ግን ጎንበስ ብላችሁ ሰዓት ሙሉ ከመቆየት ዝቅ ያለች ዱካ ላይ ቁጭ ብላችሁ ሥሩ፤ በየ20 ደቂቃው ተነሱ።

ጫማችሁን አታውልቁ

«አፈሩን በባዶ እግር መርገጥ ጭንቀት ያወጣል» የሚል ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ እየዞረ ነው። ሣር ላይ አምስት ደቂቃ ቆማችሁ ፎቶ ብትነሱ አልከለክልም። ለአትክልት ሥራ ግን ጫማ፣ እሱም የተሸፈነ ጫማ።

ምክንያቱን የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ታሪክ ራሱ ይነግራችኋል። ሥጋ ደዌ ነርቭን ሲጎዳ እግር መሰማቱን ያጣል። ሰውየው እሾህ ይወጋዋል፣ አያውቅም፤ ድንጋይ ይልጠዋል፣ አያውቅም። ጣት የሚጠፋው «በሽታው በልቶት» ሳይሆን ሳይታወቅ የቆየ ቁስል አመርቅዞ ነው። ሥጋ ደዌ ዛሬ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው፣ ቶሎ ከተያዘ ደግሞ አካል ሳይጎዳ። ያንኑ የእግር ታሪክ ግን አሁን በሌላ በሽታ እያየነው ነው፦ በስኳር። ለዓመታት ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ይደነዝዛል። ጓሮ ውስጥ ሚስማር ረግጦ ለሦስት ቀን ሳያውቅ የቆየ ሰው ሲመጣ ቁስሉን የምናየው ጠረኑ ከበር ከተሰማን በኋላ ነው። ስኳር ያለባችሁ፦ ከአትክልት ሥራ በፊት ጫማውን አራግፉ፣ ከሥራ በኋላ እግራችሁን ታጥባችሁ በጣቶቹ መሃል አድርቁ፣ ከዚያ የእግራችሁን ሥር ተመልከቱ። ማየት ካልቻላችሁ መስታወት መሬት ላይ አስቀምጡ ወይም የስልካችሁን ካሜራ ተጠቀሙ። ለሰልፊ ብቻ አይደለም የተሠራው።

ሌላው የዝሆኔ እግር ነው፤ በትንኝ የሚመጣው ሳይሆን በአፈር የሚመጣው፣ በሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ ሸክላ አፈር ባለበት ደጋና ወይናደጋ፣ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሄድ ሰው ቆዳው ውስጥ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣት ይገባና እግሩ ቀስ በቀስ ያብጣል። በአገራችን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ይህ በሽታ እንዳለበት ይገመታል። አይተላለፍም፣ እርግማንም አይደለም። ጫማና ሳሙና የሚከላከሉት በሽታ ነው። እናንተ በአንድ ቅዳሜ አይይዛችሁም፤ ግን ጓሯችሁን በየሳምንቱ በባዶ እግሩ የሚቆፍርላችሁ ሰው አለ አይደል? ለእሱ ቦቲ ጫማ ግዙለት። ከቀን አበሉ ላይ ሳትቀንሱ።

ለሁሉም፦ አፈር የነካው ቁስል የመንጋጋ ቆልፍ መግቢያ ነው። ሚስማር ወይም እሾህ ከወጋችሁ በውሃና በሳሙና እጠቡና በቅርብ ያለ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ስለ ክትባቱ ጠይቁ። «ትንሽ ነው» አትበሉ፤ ጠባብና ጥልቅ ቁስል ነው የሚያሰጋው።

ጀሪካን ላይ የሚበቅል ጤና

ኮንዶሚኒየም ያላችሁ «እኛስ?» እንዳትሉ። የአምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን ወገቡ ላይ ቆርጣችሁ፣ ታቹን አራት አምስት ቦታ በስታችሁ፣ አፈርና የበሰበሰ ፍግ ቀላቅላችሁ መሙላት ነው። የኬሚካል ወይም የጸረ ተባይ ዕቃ የነበረ ጀሪካን ግን ምንም ያህል ብታጥቡት አትጠቀሙ። ጦስኝ ውሃ የሚተኛበት አፈር አይወድም፤ አሸዋ ጨምሩበት፣ ፀሐይ የሚመታው ቦታ አድርጉት፣ ውሃውን ቆጥቡ። ናና ግን ተቃራኒው ነው፣ ውሃ ወዳድ ነው፤ ብቻውን ትከሉት፣ አለዚያ ጎረቤቱን ሁሉ ይወርራል።

ጦስኝ ከሜዳ የምታመጡ ከሆነ ከነሥሩ አትንቀሉት። ጫፍ ጫፉን በመቀስ ቁረጡ። ከነሥሩ የተነቀለ ለከርሞ አይገኝም፤ ከዚያ ላይ ልጅ ይዞ የሚሸጠው የአካባቢው ሰው እንጀራው ነው፣ ከእሱ ብትገዙ ሁለታችሁም ትጠቀማላችሁ።

ኮምቦልቻና ከዚያ ዝቅ ብላችሁ ያላችሁ፦ ለአትክልት ብላችሁ በበርሜልና በአሮጌ ጎማ የምታጠራቅሙትን ውሃ ክደኑ። በ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘች አንዲት የወባ ትንኝ አለች፤ ረግረግ አትጠብቅም፣ በከተማ የውሃ ዕቃ ውስጥ ትራባለች። ከዚያ ወዲህ በሌሎች የምሥራቅ ከተሞችም ታይታለች።

ሰላጣ የምትተክሉ ሰዎች በአንድ ነገር ከገበያ ትበልጣላችሁ፦ ውሃውን ታውቁታላችሁ። ከተማ አቋርጦ በሚያልፍ የቆሸሸ ወንዝ የሚጠጣ ሰላጣ የወስፋትና የአሜባ መንገድ ነው። ከገበያ ከገዛችሁት ቅጠል በቅጠል በሚፈስ ውሃ እጠቡት፤ ካልተማመናችሁ የሚበስለውን ምረጡ። ጎመን ቀቅሎ መብላት ሞኝነት አይደለም።

የጓሮ መድኃኒቶቻችን

ጤና አዳም። ቡና ላይ ጣል ስናደርገው ያለው ጠረን ሌላ ነው፣ ይህን አልክድም። ሁለት ነገር ግን እወቁ። እርጉዝ የሆናችሁ ተዉት፤ በብዛት ሲወሰድ ማህፀን የማኮማተርና የማስወረድ ጠባይ አለው፣ ለእናትም መርዛማ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ጓሮ ላይ የሚያጋጥም ነው፦ ጭማቂው ቆዳ ላይ ነክቶ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳውን እንደ እሳት ያቃጥለዋል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ጥቁር ምልክት ትቶ ይሄዳል። በቀትር ጤና አዳም ሲቀጥፍ የዋለ ሰው በማግስቱ «ምን ነካኝ?» ብሎ ይመጣል። ጓንት አድርጉ፣ ካልሆነ ማምሻውን ቅጠፉ፣ እጃችሁን ወዲያው ታጠቡ።

ዳማከሴ። ለምች እናቶቻችን አሽተው ሲያጠጡን አድገናል፤ ሽታው ራሱ ቤት ያስታውሳል። ጭቅጭቄ ከዳማከሴው ጋር ሳይሆን ከቀናቱ ጋር ነው። ኮምቦልቻ፣ ሐርቡ፣ ከሚሴ፣ ባቲ የሚኖር ወይም በቅርብ ሳምንታት እዚያ አድሮ የመጣ ሰው ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለው «ምች ነው» ተብሎ ሦስት ቀን ዳማከሴ እየጠጣ መተኛት የለበትም። በዚያው ቀን ደም ይመርመር። ወባ በጊዜ ሲያዝ ቀላል ነው፤ ሲቆይ በተለይ በልጅና በእርጉዝ ላይ ይከፋል። ዳማከሴውን ከምርመራ ስትመለሱም ትጠጡታላችሁ፣ አይሸሽም።

አሁን ወደ ጦስኙ

የጥያቄዎቻችሁ ሁሉ መነሻ ይሄ ስለሆነ እዚህ ላይ እንቆይ።

ጦስኝ ውስጥ ታይሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ ዘይታማ ንጥረ ነገሮች አሉ፤ ያ ሽታው የእነሱ ነው። የአገራችን ተመራማሪዎች በላቦራቶሪ አይጦች ላይ ሞክረውት ግፊት የመቀነስና ሽንት የማብዛት ውጤት አይተዋል። ስለዚህ «ግፊት ያወርዳል» የሚለው የሕዝብ ዕውቀት ከባዶ የመጣ አይደለም። እናቶቻችን ዝም ብለው አልተናገሩም።

ግን ከአይጡ እስከ እናታችሁ ድረስ ረጅም መንገድ አለ። ለአይጦቹ የተሰጠው ተመዝኖና ተጨምቆ የወጣ ነው፤ እማማ ደግሞ ቆንጠር አድርገው ጀበና ውስጥ ይጨምራሉ። የዛሬው ቆንጠር ከነገው አይመሳሰልም፤ የአንዱ ተራራ ጦስኝ ከሌላው ተራራ የዘይቱ ዓይነትና መጠን ይለያያል። አንድ ሰው ስንት ግራም፣ በቀን ስንቴ ቢወስድ ግፊቱ በስንት እንደሚወርድና ለስንት ሰዓት እንደሚቆይ የሚነግረን፣ ሐኪም ተማምኖ ኪኒን የሚያስቆምበት በቂ ማስረጃ የለም። ኪኒኑ ላይ ግን አለ፦ አምስት ሚሊ ግራም አምሎዲፒን ዛሬም አምስት፣ ነገም አምስት ነው።

ታዲያ ሰው ለምን «ጦስኝ አዳነኝ» ይላል? ምን መሰላችሁ፦ ደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ስሜት የለውም። ራስ ምታትም ማዞርም ሳይኖር 180 ላይ ሊቆም ይችላል። አንዲት እናት ኪኒኗን ትታ ጦስኝ ስትጀምር የኪኒኑ ውጤት ከሰውነቷ እስኪወጣ ቀናት ይወስዳል። በዚያ ሳምንት ብትለካ ጥሩ ነው። «ይኸው!» ትላለች። ከዚያ መለካት ታቆማለች፣ ምክንያቱም ደህና ነኝ። ግፊቱ ግን በዝምታ ይወጣል። በወሩ፣ በሁለት ወሩ አንድ ጠዋት ስትነሳ አፏ ወደ ጎን ዞሮ፣ አንድ እጇ አልታዘዝ ብሎ ትገኛለች። ያን ጊዜ ነው ቤተሰብ «ከጦስኙ በስተቀር ምንም አልወሰደችም እኮ» የሚለኝ። እኔም የምፈራው እሱን ነው፤ ምንም አለመውሰዷን።

አንዳንድ ኪኒኖች ደግሞ በድንገት ሲቆሙ ግፊቱን ከበፊቱ አስበልጠው ያስወነጭፉታል። አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል፣ ከሁሉም በላይ ክሎኒዲን እንዲህ ናቸው። እነዚህን የሚወስድ ሰው አንድ ቀን እንኳ በራሱ ውሳኔ አያቁም።

ከእናቶች ጋር ስነጋገር የማደርገውን ልንገራችሁ፤ እናንተም ቤት ውስጥ ሞክሩት።

«ዶክተር ልጄ፣ ይሄ ኪኒን ሰለቸኝ፤ ዕድሜ ልክ ነው እንዴ?»
«አብሽሪ እማማ፣ ይሰለቻል። ጦስኙን ይወዱታል?»
«እንዴት አልወደው! በሱ ነው ያደግሁ።»
«እንግዲያው ጦስኙን ይጠጡ። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ልለምንዎት፦ ኪኒኑም ይቀጥል። በየሳምንቱ አንድ ቀን ግፊትዎን እንለካና እንጽፈው። ወርዶ ወርዶ 110 ውስጥ ከገባ፣ ካዞረዎትም፣ ያን ጊዜ ኪኒኑን የምቀንሰው እኔው ራሴ ነኝ።»
«በቁርጥ?»
«በቁርጥ።»

«ጦስኙን ተዪው» ያላችኋት ዕለት ኪኒኑንም ደብቃ ትተወዋለች፣ ለእናንተም አትነግራችሁም። ከእናት ጋር ክርክር ገጥሞ ያሸነፈ ልጅ አላየሁም። መለኪያ ግዙላት። በክንድ የሚታሰረውን እንጂ በእጅ አንጓ የሚታሰረውን አይደለም። ከመለካቷ በፊት አምስት ደቂቃ ትረፍ፣ ቡናና ጫት በግማሽ ሰዓት ውስጥ አይቅደም፣ እግሯን አታነባብር። የወጣውን ቁጥር ስልካችሁ ላይ ጻፉት።

ሽንት የሚያበዛ ኪኒን የምትወስዱ (ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ወይም ፍሮስማይድ) ጦስኙን በብዛት ስትጠጡ ማዞርና ጉልበት መክዳት ካያችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩ። «ባህላዊ ነገር ትወስዳላችሁ ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ ሊቆጣ አይደለም፣ መጠኑን ሊያስተካክል ነው።

እኔ ጦስኝን በእርግጠኝነት የማመሰግንበት ሌላ ቦታ አለ፦ ጣዕሙ። ሽሮና ወጥ ላይ ሲጨመር ጨው ሳይበዛ ምግቡ ይጥማል፤ ጨው መቀነስ ደግሞ ግፊት እንደሚያወርድ በሰው ላይ የተረጋገጠ ነው። ጦስኝ ሻይም ያለ ስኳር ይጠጣል። ጥቁሩን ሻይ በቀን አራት ስኒ፣ በየስኒው ሦስት ማንኪያ ስኳር የምትጠጡ ሰዎች 12 ማንኪያ ነው፤ ወደ 50 ግራም ይጠጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የቀን ጣሪያ ያደረገው በዚያው አካባቢ ነው፣ ያውም ከለስላሳውና ከኬኩ ጋር ተደምሮ። አፍልታችሁ በጣም እየጋለ አትጠጡት፤ ከ65 ዲግሪ በላይ የሞቀ መጠጥ ለጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር ሊያጋልጥ እንደሚችል ከ2016 (እ.አ.አ.) ጀምሮ ይታወቃል። ለምላስ ደስ የሚል ሙቀት ሲሆን ይበቃል።

ሻዩን ከምግቡ አርቁት

መጀመሪያ ላይ «አንድ ሰዓት አቆዩት» ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ጥቁር ሻይ ውስጥ ያለው ታኒን፣ አፍን የሚያጨማትተው ማለት ነው፣ ከእህልና ከቅጠል የምናገኘውን ብረት ሆድ ውስጥ ይዞ ያስቀረዋል። ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ሻይ ወደ ደም የሚገባውን ብረት ከግማሽ በላይ ሊቀንሰው ይችላል። ቡናም ያደርገዋል፣ በመጠኑ ይቀንሳል እንጂ። «እኔ ናና ሻይ ነው የምጠጣው» የምትሉ አትሸሹ፤ በ1999 (እ.አ.አ.) የወጣ ከዳቦ ጋር የተደረገ ጥናት ናና ሻይም ከጥቁሩ ብዙ እንደማይሻል አሳይቷል። ጦስኙንም ከምግብ አርቆ መጠጣት ይሻላል።

ሥጋ አዘውትሮ ለሚበላ ሰው ይህ ብዙም አያሳስብም። የእኛ ብረት ግን በአብዛኛው ከጤፍ፣ ከምስር፣ ከሽሮና ከጎመን ነው የሚመጣው፣ በጾም ወራት ደግሞ ሙሉ በሙሉ። በ2016 (እ.አ.አ.) የተደረገው የአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 24 በመቶው፣ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ካሉ ሕፃናት ደግሞ 57 በመቶው የደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል። ሁሉም በሻይ የመጣ አይደለም፤ ወባውም፣ ወስፋቱም፣ የምግቡ ማነስም አለበት። ሻዩ ግን በነጻ የምናስተካክለው ነው።

ስለዚህ ከምሳ በኋላ ወዲያው የሚቀርበውን ሻይና ቡና አንድ ሰዓት አሳልፉት። በምትኩ ምግቡ ላይ ሎሚ ጨምቁ፣ ቲማቲም ቁረጡበት፣ ቃሪያ ጨምሩበት፤ ቫይታሚን ሲ ብረቱን ወደ ደም ያስገባል። ለዚህም ነው ጀሪካናችሁ ላይ ከጦስኙ ጎን ጎመንና ቃሪያ እንድትተክሉ የምወተውታችሁ። ቆስጣ ስሙ ገነነ እንጂ ብረቱ በቀላሉ አይገኝም፤ ጎመን ይሻላል። እርጉዞች የብረት ኪኒናችሁን በሻይ አትዋጡ፣ በውሃ ነው፤ የእንቅርት ኪኒን የምትወስዱም እንዲሁ በባዶ ሆድ በውሃ፣ ሻይና ቡናው ቢያንስ ከግማሽ ሰዓት በኋላ።

ልጃችሁን በተመለከተ፦ ስድስት ወር ላልሞላው ከጡት በስተቀር ምንም፣ ጦስኝም ቢሆን፣ «ሆዱን ነፋው» ተብሎም ቢሆን። ሁለት ዓመት እስኪሞላ ሻይ አያስፈልገውም። ከዚያ በላይ ያለውን ደግሞ ዳቦውን በሻይ ከመንከር በወተት፣ ወይም ምስር ቀብታችሁ ስጡት። አለቅስ ካለ ለብ ባለ ውሃ ላይ ትንሽ ወተት ጨምራችሁ በዚያው በሻይ ስኒው ስጡት፤ ብዙ ልጅ የሚፈልገው ስኒውን ነው።

ልጃችሁ ዓይኑ ሥር ከገረጣ፣ ቶሎ ከደከመ፣ አፈር ወይም ግድግዳ እየላሰ ካስቸገራችሁ ሻይ ማቆም ብቻውን አይበቃም፣ ደሙን አስመርምሩት። አፈር መላስ በራሱ የብረት እጥረት ምልክት ሊሆን ይችላል፤ በልግ ላይ እርጥብ አፈር ሲሸታቸው ደግሞ ይብሳል።

የምትወስዱትን ኪኒን ስምና የለካችሁትን ግፊት ልትጠይቁኝ ካሰባችሁ ኮሜንት ላይ ሳይሆን በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ኪኒኑን ከነማሸጊያው ፎቶ አንሱት፣ ሚሊ ግራሙ እንዲታይ።